የሚኒስትሯ ደመወዝ

ሐምሌ 9

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ እንቅልፍሽም የጠገበ ይሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ስልክ እያለ ለምን ይጽፋል እንዳትይኝ። ቤት ስትደውዪ ባለቤቴ ከእጄ ትነጥቀኛለች፤ ፀጉር ቤቴ ስትደውዪ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል። ወረቀት ላይ ግን እኔና አንቺ ብቻ ነን።

እንግዲህ እልል በይ! ልጅሽ ተመረቀች። «ልጅሽ» ያልኩት አውቄ ነው፤ እኔ ወለድኳት እንጂ ለሰው ያበቃሻት አንቺ ነሽ። የፖለቲካል ሳይንስ ዲግሪዋን በማዕረግ ተቀበለች። ስሟ ሲጠራ እናቷ ወንበር ላይ ወጥታ ስትጮህ፣ ከኋላ የተቀመጡት «እመቤት፣ እኛም ልጅ አለን፤ ይቀመጡልን» አሏት።

ሰፈሩ በስሟ መጥራት ትቷል። «ሚኒስትሯ» ነው የሚላት። ባለሱቁ ስኳር ሲመዝንላት «ክብርት ሆይ፣ ለእርስዎማ ሚዛኑን ደፋ አድርገን ነው» ይላታል። ጎረቤታችን ደግሞ በማግሥቱ መጥታ «የውሃ መስመራችን ከተቆረጠ ሰነበተ፣ አንድ ነገር በያቸው እንጂ» አለቻት። ልጅቷ ስቃ «እኔ ገና ሥራ አልያዝኩም» ብትላት፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ኖረሻል?» አለችና ተቀይማ ሄደች።

እኔ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ። በእኔ ፀጉር ቤት ፖለቲካ በነፃ ነው፤ የአንድ ሰው ጢም ላጭቼ እስክጨርስ መንግሥት ወድቆ ይነሳል። አንቺ ከፍለሽ ያስተማርሽው ከዚህ በምን እንደሚለይ ልጅቷ አስረድታኛለች፤ ስታስረዳኝ ገብቶኛል፣ ስትሄድ ጠፍቶብኛል። ደንበኞቼ ግን አንዲት ጥያቄ ይዘው አፋጠጡኝ፦ «ስንት ይከፈላታል?» ሐኪም ብትሆን ይታወቃል። መሐንዲስም ይታወቃል። የእሷ ግን ዋጋው አልተለጠፈበትም። እስኪ አንቺ እዚያ ውጭ አገር ያሉትን አዋቂዎች ጠይቂልኝ።

ለራሴ የምለምንሽ ነገር የለም። የእስካሁኑ እስከ ልጅ ልጅ ይበቃል። ፈጣሪ የዘራሽውን ያሳይሽ።

ወንድምሽ

*

ነሐሴ 24

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለሚኒስትሯ ሰላምታዬ ደጅ ሳይቆም እስከ ጓዳ ይግባልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ፎቶዋን ሥራ ቦታ ልብስ የምናስቀምጥበት ሳጥን በር ላይ ለጠፍኩት። አለቃዬ «ማን ናት?» ሲለኝ «ልጄ» አልኩት። አሁን አንሶላ የምናጥብበት ላውንደሪ በሙሉ ልጅ እንዳለኝ ያውቃል። ካውያው ላይ የሚሠራው ሽማግሌ ሲያልፍ ሲያገድም ኮፍያውን ያነሳላታል።

ጥያቄህን ይዤ ዞርኩ። አንዱ «እንደዚህ የተማረ ሰው አገር ይመራል» አለኝ። ሌላው «እንደዚህ የተማረ ሰው ቡና ይቀዳል» አለኝ። ሁለቱም በልበ ሙሉነት ነው የተናገሩት። እኔ የመጀመሪያውን መርጬ ተኛሁ።

ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ፤ ከባድ አይደለም፣ አትደንግጥ። ቀኝ እጄ ይደነዝዘኛል። እርጥብ አንሶላ ስጨብጥ ጣቶቼ የእኔ መሆናቸውን ይረሳሉ። ሐኪሙ «ተቀዶ ይስተካከላል፣ ግን ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ሥራ የለም» አለኝ። ልጅቷ ትጨርስ ብዬ ነበር ያቆየሁት። እንግዲህ ደመወዟ ሲጀምር እኔ ትርፍ ሰዓቱን እተውና እጄን እታከማለሁ። አትቸኩሉ። እኔም አልቸኩልም።

ለባለቤትህ ንገራት፦ ወንበር ላይ መውጣቷን ስሰማ እኔም እዚህ አልጋዬ ላይ ወጥቼ እልል ብያለሁ። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበብኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 28

ለክብርት እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ እጅሽንም ፈጣሪ ይዳብስልሽ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ዛሬ የምሥራች እጽፋለሁ፣ ነገ የምሥራች እጽፋለሁ እያልኩ ወራቱ ሄዱ።

ልጅሽ አንድ ቀን ሥራ አልፈታችም፤ ሥራዋ ሥራ መፈለግ ሆኗል። ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ዘንድ ትሄዳለች፣ ከሰዓት ሲቪዋን ይዛ በየቢሮው ትዞራለች። የሚፈለገው የሒሳብ ባለሙያ ነው፣ ነርስ ነው፣ ሹፌር ነው። ከታች ግን አንዳንዴ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚል ይጻፍበታል። የእኛ ተስፋ እዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ መጀመሪያ «ተዛማጅ» ሲል ዘመድ ያለው ማለት መስሎኝ «እኛማ እዚያ ቢሮ ዘመድ የለንም» ብላት፣ «አባዬ፣ አንተ የገባህ ይሻላል፤ ትክክለኛው ትርጉም እሱ ነው» አለችኝ።

ፈተና ያለፈችባቸውም አሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ «የሥራ ልምድ» ይሏታል። እኔስ የመጀመሪያውን ራስ የላጨሁት ልምድ ኖሮኝ ነው? የአጎታችንን ጆሮ ቆርጬ አይደለም ወይ የተማርኩት? ለእሷ ግን ጆሮውን የሚሰጣት ሰው ጠፋ።

ባለሱቁ አሁንም «ክብርት ሆይ» ይላታል። እሷ ግን ስኳሩን ሌላ ሱቅ መግዛት ጀምራለች፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

እህቴ፣ አፌ እየተያዘ ነው የምጽፈው። ጫማዋ አለቀ። ለትራንስፖርትና ለኮፒ የምሰጣትም አጠረኝ፤ የመንገድ ሥራው ፀጉር ቤቱን በአቧራ ከጋረደው ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል። ከተቻለሽ ብቻ። ካልተቻለሽ እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው።

ወንድምሽ

*

ጥር 6

ለወንድም ጋሼ፣

ከቤተሰብህ ጋር በጤና፣ በሰላም ክረምት ከበጋ ያኑርህ። ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ ጫማውን ጥሩውን ትግዛ፣ ርካሽ ጫማ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጮህባታል። «እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው» ያልከውን እንዳላነበብኩት ቆጥሬዋለሁ።

አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። እኔ አንዱን ጫፍ እይዛለሁ፣ ከሌላ አገር የመጣች ሴት ሌላውን ትይዛለች፤ እንቀራረባለን፣ እንራራቃለን፣ ቀኑ እንዲሁ ያልቃል። ብዙ አታወራም። ባለፈው የልጅቷን ፎቶ አይታ «ምን ተማረች?» አለችኝ። ነገርኳት። አንሶላውን ይዛ ቆመች። «እኔም» አለች። ከዚያ ጫፉን ሰጠችኝና ሌላ አንሶላ አነሳች።

እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኋት። አንተም ለሚኒስትሯ አትንገራት።

እጄ ደህና ነው። ማታ ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ።

እህትህ

*

የካቲት 22

ለእህቴ፣ ለእመቤቴ፣

ደስታዬ ከእኔ ቀድሞ ይድረስሽ! እልል የሚያሰኝ ወሬ አለኝ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ልጅሽ ሥራ ያዘች! የአካባቢያችን አስተዳደር አዲሱ ኃላፊ ጢሙን የሚላጨው እኔ ዘንድ ነው። ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተቀባ «የምናገረውን የሚጽፍልኝ ሰው አጣሁ፤ የሚጽፉልኝ ሁሉ ያንቀላፉበት ይመስላል» አለ። ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንደያዝኩ «ልጄ አለች» አልኩት። «እንዴት እምቢ እላለሁ፣ ምላጭ ይዘህብኝ!» ብሎ ሳቀ። በማግሥቱ ጠራት፣ ፈተናት፣ ቀጠራት። ንግግሩንና ሪፖርቱን የምትጽፈው አሁን እሷ ናት።

ደመወዟን ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔ ግን ልንገርሽ። ከእኔ ገቢ ትንሽ ይበልጣል። ትንሽ ነው የሚበልጠው፤ ግን በየወሩ ነው፣ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ ነው። በመጀመሪያ ደመወዟ ለእኔ አዲስ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ፣ ለእናቷ ነጠላ ጫማ ገዛች። ለአንቺም ልትልክ ባንክ ብትሄድ፣ የባንኩ ሠራተኛ «እህቴ፣ ገንዘብ ከዚያ ወደዚህ ነው እንጂ ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀባት።

ጎረቤታችንም የውሃ መስመሯ ተቀጠለላት። ልጅቷ «እኔ ምንም አልሠራሁም፣ ተራው ደርሶ ነው» ብትልም የሚሰማት የለም።

ስለዚህ እህቴ፣ ከእንግዲህ አትላኪ። እንደ ታላቅ ወንድምነቴ አዝሻለሁ። እጅሽን ታከሚ።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 19

ለወንድም ጋሼ፣

ደስታህን በደስታዬ ላይ ጨመርኩት። ትእዛዝህን ተቀብያለሁ፤ ታላቅ ወንድም ያዘዘው እንዲህ ያለ ነገር ከሆነ ማን እምቢ ይላል!

ቀጠሮ ተሰጠኝ። አለቃዬ «ስትመለሺ ቦታሽ ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም» አለኝ። ድሮ ቢሆን ይህን ሰምቼ ቀጠሮውን እሰርዝ ነበር። አሁን ግን «ልጅ አለችኝ» አልኩት። እንደዚያ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ድምፄ ራሱ ሌላ ሆነብኝ።

ሚኒስትሯን ሳሚልኝ በላት ለእናቷ።

እህትህ

*

ሰኔ 11

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ጽሕፈቴ ካላማረህ ይቅርታ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀዶ ሕክምናው ተሠርቷል። ቀኙ ገና እንደተጠቀለለ ነው።

ሁለት ጊዜ ጻፍኩልህ፣ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ባለቤትህ ስልኩን አንስታ «ሁላችንም ደህና ነን» ትልና ድምፅዋ ይቆራረጣል። መስመሩ ነው ብዬ ነበር። በሁለተኛው ግን መስመሩ አልነበረም።

ምንድን ነው የሆነው? ልጅቷ ታመመች? አንተ ታመምክ? ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ፤ ያልተጻፈው ነው የሚገድለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በዕድሜዬ ጠይቄህ አላውቅም፣ እንዴት እንደሚጠየቅም አላውቅበትም። እጄ ካሰብነው በላይ ጊዜ ይፈልጋል ተባለ። ያጠራቀምኳት አልቃለች። ሚኒስትሯ ከደመወዟ ትንሽ፣ በሚመጣ ሰው በኩል፣ የክፍሌን ኪራይ ያህል እንኳ ባይሆን... ከተቻላት ብቻ። ካልተቻላት እንዳልጻፍኩት ቁጠረው።

እህትህ

*

ሐምሌ 3

ለእህቴ፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? እጅሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ማንም አልታመመም። ዝም ያልኩት የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ ከጻፍኩት እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነው።

ኃላፊው ወረደ። ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ተገኘ። አዲሱ ኃላፊ የቀድሞው የቀጠራቸውን ሁሉ ሰብስቦ አሰናበተ። ልጅሽ «እኔ የማንም ወገን አይደለሁም፤ የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት» ብትለው፣ «ያንቺን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቀዋለሁ» አላት። ለእናቷ ስትነግራት ከመባረሯ ይልቅ ይሄ ነው ያስለቀሳት። «እማዬ፣ የጻፍኩት እኮ የመንገድ መብራት ይተከላል ብዬ ነው» አለች።

ፀጉር ቤት አንዱ «ያን ሁሉ ዓመት ፖለቲካ ተምራ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አላወቀችም?» ብሎ አሳቀ። እኔም «እናንተ ዕድሜያችሁን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ስታወሩ አወቃችሁት?» አልኩ። የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስገባ ስወጣ ወሬው ይቋረጣል። አንዳንዱም የአሮጌው ኃላፊ ሰው እንዳይባል ጢሙን ሌላ ቦታ መላጨት ጀምሯል። ፀጉር ቤቴ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታ ደግሞ ለፀጉር ቤት ሞቱ ነው።

ዲግሪዋ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። ሌላ ቦታ ስታመለክት አሁን የሥራ ልምድ አላት፤ ግን ልምዷን አይተው ነው የሚመልሷት።

የጠየቅሽው ደርሶኛል። እንዳልጻፍሽው አልቆጠርኩትም፣ አልችልም። ሁለተኛውን ወንበር ሸጥኩት፤ ደግሞም ለአንድ ሰው ሁለት ወንበር ምን ያደርጋል። ገንዘቡን ለትምህርት ወደዚያ የሚሄድ የደንበኛዬ ልጅ ይዞልሻል። እዚያ ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚሆን አላውቅም። አትንገሪኝም።

ወንድምሽ

*

ነሐሴ 29

ለወንድም ጋሼ፣

ለአንተና ለቤትህ መጽናናቱን ይስጥልኝ። ልጁ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ገንዘቡ በቂ ነበር።

ወንበሩን ባትሸጠው ምን ነበር? ነገር ግን ተሽጧል፣ ተበልቷል፣ ምን እላለሁ።

የላውንደሪው ቦታዬ በሌላ ሰው ተይዟል። ክፍሌንም ለቅቄያለሁ። አሁን ያለሁት ያችው አንሶላ የምታጥፈው ሴት ዘንድ ነው፤ አልጋዋን በመጋረጃ ጋርዳ ግማሹን ክፍል ሰጠችኝ። ማውራት ጀምራለች። እሷም በአገሯ መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ ለሹም ንግግር መጻፍ ነበር። «ከዚያስ?» አልኳት። «ከዚያ ሹሙ ተቀየረ» አለች። ስቀን ስቀን እንባችን መጣ።

ለሚኒስትሯ እንዲህ ብለህ ንገራት፦ አክስትሽ አልተቆጨችም። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ በአራተኛው ሳልሰርዘው ተውኩት። ንገራት።

ወደዚህ ልምጣ ካለች ግን፣ ይህ ክፍል ሌላ መጋረጃ አይችልም።

እህትህ

*

ጥቅምት 25

ለእህቴ፣

ከእኔ ከወንድምሽ የናፍቆት ሰላምታ ይድረስሽ። ልጅሽ ሥራ ይዛለች። እንደ ባለፈው እልል እንድትዪ አይደለም፤ እንድታውቂው ነው።

የተማረችበት ኮሌጅ ጠራት። ምዝገባ ሲደርስ በር ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፤ ትልቅ ጥላ ተክለው፣ ወረቀት አስቀምጠው፣ መንገደኛውን ወላጅ እየጠሩ ያስመዘግባሉ። እሷን የፖለቲካል ሳይንሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። ደመወዝ የለውም፤ በተመዘገበ ተማሪ ልክ ኮሚሽን ነው።

አንድ ቀን ምሳዋን ይዤላት ሄድኩ። አላየችኝም። ከፊቷ አንድ ሴራሚክ አንጣፊ ቆሟል፤ የሱሪው ጉልበት በሲሚንቶ ነጥቷል። ሴት ልጁ አጠገቡ ናት፣ ቀና አትልም። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ፣

«ይሄ ትምህርት ስንት ያስገኛል?» አላት።

የሚባለው ተጽፎ ተሰጥቷታል። ወረቀቱ ላይ «የነገ መሪዎች» ይላል። እሷ ግን ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እኔ የተማርኩት ይህንኑ ነው» አለችው።

«እህ፣ እና?»

«እና እዚህ ተቀምጫለሁ።»

ሰውዬው አያት። ጥላውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ የተተኮሰ ሸሚዟን አየ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር አየ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ሰማሽ? ይኸው ጥላ ሥር፣ በወንበር! እኔ ዕድሜዬን በጉልበቴ ተንበርክኬ ጨረስኩት። አንቺ ትቀመጪልኛለሽ» አላት። እስክሪብቶውን አንስቶ ፈረመ።

ልጅሽ «አባባ፣ አልገባዎትም፤ እኔ ያልኩት...» ብላ ጀምራ ነበር። «ገብቶኛል ልጄ፣ ገብቶኛል። እናትሽን ያክብርልኝ» ብሎ እጇን ጨበጣት። የመመዝገቢያውንም ቆጥሮ ከፈለ።

ምሳዋን ስሰጣት አልበላችም። «አባዬ፣ ሰምተሃል?» አለችኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳት። «እውነቱን ነው የነገርኩት።» «አዎ።» የተፈረመውን ወረቀት ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችና «እውነቱን ስነግራቸው የበለጠ ይመዘገባሉ» አለች።

እኔ አባቷ ነኝ፤ አንድ ቃል ልነግራት ይገባ ነበር። ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚህ ወረቀት ጋር ያለው ገንዘብ የእሷ ነው፤ የመጀመሪያው ኮሚሽኗ። «ለአክስቴ ላክልኝ፤ የምትለኝን ግን አትንገረኝ» ብላለች። ወደዚያ በሚሄድ ሌላ ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 2

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬን ተቀበለኝ። በቀኝ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ጣቶቼ ሙሉ በሙሉ ባይጨበጡም እስክሪብቶ ይይዛሉ። እርጥብ አንሶላ ግን አይይዙም ተብያለሁ። ሌላ ሥራ እየፈለግሁ ነው።

ፖስታው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያየሁት ገንዘቡን ነው። የኪራይ ድርሻዬ ቀኑ ስላለፈ፣ ያች ሴትም ከደግነቷ የተነሣ አፍ አውጥታ ስለማትጠይቀኝ፣ እንደተቀበልኩት ሄጄ ከፈልኩ። ደብዳቤህን ያነበብኩት ከዚያ ወዲያ ነው። አንብቤ እንደጨረስኩ ልመልሰው አሰብኩ። የምመልሰው አልነበረኝም። ለማን እንደምመልሰውም አላውቀውም፤ ለልጅህ? ለሰውዬው?

ልጅህን አትቆጣት። እኔም ብሆን እውነቱን ነው የምነግረው፤ ሌላ ምን ይባላል።

የዚያ የሴራሚክ አንጣፊው ልጅ ስሟ ማን ነው? መዝገቡን የያዘችው ልጅህ ናትና ጠይቃትና ጻፍልኝ። የማደርግላት ነገር የለኝም። ብቻ ስጸልይ «ያቺ ልጅ» ከምላት በስሟ ልጥራት።

እህትህ